ከፊኛ በላይ፣ ከሳተላይት በታች፦ የምርምር ሮኬት ትውውቅ

ሞባይል ስልክ በየሰው እጅ ከመግባቱ በፊት በጠምባሮ ምድር ያለችውን ሙዱላን በመሰሉ የኢትዮጵያ ከተሞች የሩቅ አገር ወሬ የሚሰማው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ሥራ ጀምረው ምሽት ምሽት በየቤቱ ይደመጡ ነበር። ከእነርሱም ቀደም ብሎ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ድረስ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ያሰራጭ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ምድር ግን ክብ ናት። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የሚመጣው ድምፅ ወደ ጠፈር ወጥቶ ሊቀር ሲገባው ወደ ምድር የሚመልሰው ከላያችን ያለ የአየር ክፍል ነው። አዮኖስፌር ይባላል። ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። የፀሐይ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች ኤሌክትሮኖቻቸውን እየነጠቀ በኤሌክትሪክ የሚሞላቸው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

የዚህን ክፍል ዝቅተኛ ከፍታ በአካል ወጥቶ የሚለካ አንድ መሣሪያ ብቻ አለ፤ የምርምር ሮኬት።

ማንም የማይቆይበት ከፍታ

የመንገደኛ አውሮፕላን ከምድር 10 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ይበርራል። ትልልቅ የምርምር ፊኛዎች 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በላይ አየሩ እጅግ ስለሚሳሳ ሊሸከማቸው አይችልም። ሳተላይት በተቃራኒው ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ የሳሳውም አየር እየጎተተ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ይወድቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ለፊኛ የሳሳ፣ ለሳተላይት የወፈረ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ የሚነድደው፣ የዋልታ ብርሃን በአብዛኛው የሚፈካውና የሬዲዮ ሞገድ ጉልበቱን የሚያጣው እዚህ ነው። ራዳርና ካሜራ ከምድር ሆነው ያዩታል፤ ውስጡ ገብቶ ለመለካት ግን ከሮኬት ሌላ መንገድ የለም።

ሳተላይት የሚያመጥቅ ሮኬት ጭነቱን በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ጎን መግፋት አለበት። የምርምር ሮኬት ይህ ግዴታ የለበትም። ወጥቶ መመለስ ብቻ ስለሚጠበቅበት ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ የሚነድደው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገፋው ነገር የለም፤ ማሽላ ከሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ እንዳመለጠ ድንጋይ በያዘው ፍጥነት ይወጣል፣ ከፍታው ጫፍ ላይ ይዘገያል፣ ታጥፎ ይወርዳል። ጉዞው በሙሉ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ ሳይንስ

የዚህ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከጦር መሣሪያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ከጀርመን የማረኳቸውን ቪ-2 ሮኬቶች ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ወስደው፣ ፈንጂ ይቀመጥበት በነበረው ጫፋቸው የሳይንስ መሣሪያ ገጠሙበት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1946 ከእነዚህ አንዱ ካሜራ ይዞ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ ምድርም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠፈር ፎቶ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ለአየር መከላከያ የተሠራው የናይክ ሚሳይል ግፊት ሰጪ ሞተር፣ ለባሕር ኃይል የተሠራው የቴሪየር ሞተርም ከመሣሪያ ግምጃ ቤት እየወጡ የምርምር ሮኬት የመጀመሪያ ደረጃ ሆነው አገልግለዋል። ካናዳ የምትሠራው ብላክ ብራንት ደግሞ ከመነሻው ለምርምር የታሰበ ነው፤ ዛሬም በሥራ ላይ ካሉት ሮኬቶች እጅግ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

አሠራሩ ብዙ ውስብስብነት የለውም። ከታች ጠጣር ነዳጅ የያዘው ሞተር አለ። ጅራቱ ላይ ያሉት ክንፎች ጥቂት ዘንበል ተደርገው ስለሚገጠሙ ሮኬቱ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ሽክርክሪቱ ከመንገዱ እንዳይወላገድ ያደርገዋል። ብዙዎቹ ሮኬቶች በጉዞ ላይ የሚመራቸው መሪ ስለሌላቸው ሁሉም ነገር የሚወሰነው ከመነሣታቸው በፊት ነው። ሠራተኞቹ ፊኛ እየለቀቁ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካሉ፤ በዚያም ልክ የማስወንጨፊያውን ሐዲድ ያዘነብላሉ። ሮኬቱ ወፍራሙን አየር አልፎ ሲወጣ የአፍንጫው ክዳን ተከፍቶ ይወድቃል፤ ታጥፈው የነበሩ ረጃጅም ዘንጎች ይዘረጋሉ። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ መስኩን፣ የማግኔት ኃይሉን፣ የኤሌክትሮኖችን ብዛትና ጉልበት ይለካሉ። የተለካው ሁሉ እዚያው በሬዲዮ ወደ ምድር ይላካል፤ ስለዚህ ሮኬቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ቢቀርም መረጃው አይጠፋም።

ሌላም ዘዴ አለ። ሮኬቱ በመንገዱ ላይ የሶዲየም ወይም የባሪየም ትነት ይለቅቃል። ምድር ላይ ጨልሞ ሳለ ከላይ ያለው ጭስ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያገኘው ይደምቃል፤ ከተለያየ ቦታ ፎቶ ሲነሣ የነፋሱ አካሄድ ይነበባል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2012 ከአሜሪካ የዋሎፕስ ጣቢያ በአምስት ደቂቃ ያህል ውስጥ አምስት ሮኬቶች ተከታትለው የተተኮሱት በመቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ነፋስ በተመሳሳይ መንገድ ለማየት ነበር።

የሰሜኑ ብርሃን

የምርምር ሮኬት ስሙ ይበልጥ የሚነሣው ከዋልታ ብርሃን ጋር ነው። በኖርዌይ አንዶያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ፣ በስዊድን ኪሩና አጠገብ ከ1966 ጀምሮ፣ በአላስካ ፖከር ፍላት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሮኬቶች ወደዚህ ብርሃን ይላካሉ። በእነዚህ አገሮች በክረምት ሌሊት ሰማዩ በአረንጓዴ፣ በቀይና በሐምራዊ ብርሃን ይሞላል። ምክንያቱ ከፀሐይ በሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ የሚነሣሣው የምድር ማግኔት መስክ ነው። ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመሮች ተከትለው ወደ ዋልታዎች ይወርዳሉ፤ ከአየሩ አቶሞች ጋር ሲጋጩ ጉልበታቸውን ያካፍላሉ፤ አቶሞቹም የተቀበሉትን በብርሃን መልክ ይሰጣሉ።

ቀለሙ ስለ ከፍታው ይናገራል። አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካለው ኦክስጅን ይመጣል። ቀዩም የኦክስጅን ነው፤ ነገር ግን አቶሙ ቀዩን ብርሃን ለመልቀቅ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዝቅ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚወፍር አቶሙ ያን ያህል ሳይቆይ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ቀዩ የሚታየው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ነው። ሐምራዊውና ሰማያዊው ከናይትሮጅን የሚመጡ ናቸው።

ይህን ብርሃን የሚያበራው ምን እንደሆነ በቀጥታ የለካው ሮኬት ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ማክልዌን እ.ኤ.አ. በ1958 ከካናዳ ፎርት ቸርችል ሮኬቶችን ወደ ብርሃኑ ውስጥ ልኮ የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖች ለካ። ደማቅ በሆነው ብርሃን ውስጥ አብዛኞቹ ኤሌክትሮኖች ጉልበታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከላይ አንድ የኤሌክትሪክ መስክ እንደሚገፋቸው ጠቆመ፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ይመረመራል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ብርሃኑ በተፈለገው ቦታና ዓይነት እስኪመጣ ተመራማሪዎች ቆጠራውን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አቁመው ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይጠብቃሉ። ጥንቃቄም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1995 የሰሜኑን ብርሃን ለማጥናት ከአንዶያ የተተኮሰው ባለ አራት ደረጃ ብላክ ብራንት ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። ኖርዌይ አስቀድማ ለጎረቤቶቿ ብታሳውቅም መልእክቱ ለሩሲያ የራዳር ሠራተኞች አልደረሰም ነበር። ሮኬቱን ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ የኑክሌር ሚሳይል ሊሆን ይችላል ብለው ጠረጠሩ፤ የፕሬዚዳንት የልሲን የኑክሌር መሣሪያ ማዘዣ ቦርሳም ተከፈተ። ሮኬቱ ከሩሲያ ርቆ ስፒትስበርገን ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ዓለም ከከባድ ስሕተት ተረፈ።

በእኛ አናት ላይ

የዋልታ ብርሃን ሙዱላ ላይ አይታይም። ከአናታችን በላይ ግን በዓይን የማይታይ፣ ለሳይንስ ከእርሱ የማያንስ ነገር አለ። የምድር ማግኔት መስመሮች አግድም የሚሆኑበት የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ሳይርቅ ያልፋል። ቀን ቀን በዚህ ወገብ ላይ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ጅረቱ ከወገቡ በስተሰሜንና በስተደቡብ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ ሙዱላም ከሥሩ ናቸው።

ጅረቱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ፀሐይ የላይኛውን አየር ስታሞቅ ነፋስ ይነሣል፤ ነፋሱ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶችን በማግኔት መስኩ ውስጥ ሲነዳ የኤሌክትሪክ መስክ ይወለዳል። በሌላ ኬክሮስ ይህ መስክ መጠነኛ ጅረት ብቻ ያስነሣል። በወገቡ ላይ ግን የማግኔት መስመሮቹ አግድም ስለሆኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሊፈስስ የሚፈልገው ጅረት መውጫ ያጣል፤ ቅንጣቶቹ ከላይና ከታች ይከማቹና ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ጅረት በእጅጉ ያበረቱታል።

መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በፔሩ ዋንካዮ በተተከለ የማግኔት መለኪያ ነው፤ ቀትር ላይ መለኪያው ከሌላ ቦታ ይልቅ አብዝቶ ይዋዥቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 ኖርተን ሳውንድ ከተባለች መርከብ በፔሩ ባሕር ላይ የተተኮሰ ኤሮቢ ሮኬት ማግኔት መለኪያ ይዞ ወጥቶ ጅረቱን ከ93 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ አገኘው። በምድር ላይ ሆኖ የተገመተው ነገር ከፍታው በሮኬት ተረጋገጠ።

ሕንድ ጅረቱን ከሥሩ ሆኖ የማጥናቱን ዕድል ቶሎ ተረዳች። የፊዚክስ ሊቁ ቪክራም ሳራባይ የሕንድን የመጀመሪያ የሮኬት ጣቢያ ለመክፈት ቱምባ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የመረጡት የመግነጢስ ወገብ ስለሚያልፍባት ነው። የመንደሯ የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሥራ ክፍል ሆነ፤ የሮኬት ዕቃ በብስክሌት ይጓጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1963 ናይክ አፓቺ የተባለ የአሜሪካ ሮኬት ከዚያ ተተኩሶ የሶዲየም ጭስ በሰማይ ላይ ዘረጋ። የሕንድ የጠፈር ታሪክ የተጀመረው በዚያ ምሽት ነው። ቱምባ ያለችው ከወሊሶና ከአዳማ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ፣ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል በስተሰሜን ነው።

ሮኬት ለደቂቃ፣ ጣቢያ ለዘመን

ኢትዮጵያ ለምን ቱምባን አልሆነችም? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የወጣ ሁሉ ይወድቃል። ቱምባና አንዶያ ባሕር ፊት ለፊት ናቸው። ጣልያኖች ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ የሠሩት የሳን ማርኮ ጣቢያ ባሕሩ ውስጥ ነው። የኪሩናና የፖከር ፍላት ሮኬቶች ሰው እምብዛም በማይኖርበት ሰፊ ምድር ላይ ይወድቃሉ። እርሻና መንደር ጎን ለጎን በተጠጋጋበት በከምባታ፣ በሐዲያና በጠምባሮ ምድር የሮኬት መውደቂያ የለም።

ነገር ግን ሮኬት ብቻውን ምሉዕ አይደለም። የሚያየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የዓመታትን ለውጥ የሚመዘግበው ምድር ላይ ያለ ጣቢያ ነው። በዚህ በኩል ኢትዮጵያ ቀድማ ተሰልፋለች። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲጀመር ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቋሙ። ጣቢያው ዛሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ክትትሉ ቢታወቅም የተመሠረተው ለማግኔት ልኬት፣ ከተማዋ ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። አራት ኪሎ ያለው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የመዘገበው ልኬት በመላው ዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ ዋጋ አለው።

ተተኪዎችም አሉ። ዶክተር ባይሌ ዳምጤ የሰሜኑ ብርሃን በሚታይባት ፊንላንድ፣ በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ራዳርን አጥንተው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ምርምር መኖሪያ ሆነ። በአሜሪካ የሚሠሩት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው አዲግራትን ጨምሮ በአፍሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች ማግኔት መለኪያ የሚተክለውን አምበር የተባለ መረብ መርተዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ስለ ጠፈር አየር ጠባይ የሚመክር ጉባኤውን በአዲስ አበባ አካሂዷል።

ጥቅሙም ከላቦራቶሪ ያለፈ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ በወገባችን ላይ ያለው አዮኖስፌር ይናጣል። ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ግዙፍ አረፋዎች ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የሳተላይት ምልክት በውስጣቸው ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። በጂፒኤስ የሚመራ አውሮፕላን፣ መሬት የሚለካ ባለሙያና በሳተላይት ስልክ የሚነጋገር ሰው ሁሉ ይህ ይነካቸዋል። መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ለመናገር የሮኬቱም የምድሩም ልኬት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለሙዱላ፣ ለዱራሜና ለሆሳዕና የፊዚክስ መምህራን አደራ አለኝ፦ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ስታስተምሩ ምሳሌውን ከአናታችሁ በላይ ካለው ጅረት አምጡ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች የአካባቢው ተቋማት ለማግኔት መለኪያና ለጂፒኤስ መቀበያ ጣቢያ ትኩረት ይስጡ። እነዚህ መሣሪያዎች ባሕርም በረሃም አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ጸጥ ያለ ቦታ፣ የማይቋረጥ ኃይልና በየቀኑ የሚከታተላቸው ትጉህ ሰው ነው። ሌሎች አገሮች በመርከብ ተጉዘው፣ ጣቢያ ሠርተው የሚፈልጉት ሰማይ ለእኛ የቤታችን ሰማይ ነው፤ ልናውቀው ይገባል።