በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ምዕራብ መሬት እንዴት እንደተለካና እንደተሰጠ

ስለ አሜሪካ ምዕራብ ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይን ፊት የሚደቀነው በሲኒማ ያየነው ፈረሰኛ ነው። ሽጉጡን ታጥቆ ባርኔጣውን ደፍቶ ማንም ያልረገጠውን ሜዳ ሲያቋርጥ ይታየናል። ነገር ግን ሜዳው ሰው ያልረገጠው አልነበረም፤ አገሩንም ይበልጥ የለወጡት ሰንሰለት የሚጎትተው መሬት ቀያሽና መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው የምንሞክረው ያ መሬት በምን ሕግ እንደተለካ፣ ለማን እንደተሰጠና ከማን እንደተወሰደ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የልኬቱ ሥርዓት

የአሜሪካ መንግሥት ነጻነቱን ባገኘ ጊዜ ዕዳው ብዙ፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር። ዋናው ሀብቱ ከአፓላችያን ተራሮች ማዶ ያለው መሬት ስለ ነበር፣ ይህን ሸጦ ዕዳውን ለመክፈል ኮንግሬሱ በ1785 የመሬት ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት አገሩ ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጉ ቀጥ ያሉ መሥመሮች ተከፋፈለ። «ታውንሺፕ» የተባለው እያንዳንዱ አራት ማዕዘን 6 ማይል በ6 ማይል ሲሆን 36 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል 1 ማይል በ1 ማይል፣ ማለት 640 ኤክር ነው። 16ኛው ክፍል ለሕዝብ ትምህርት ቤት ማቋቋሚያ ተለይቶ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ቀያሾቹ የያዙት ሰንሰለት 66 ጫማ ርዝመት ስለ ነበረው 80 ሰንሰለት 1 ማይል ይሆን ነበር። ሥራው በዚያው ዓመት በኦሃዮ ወንዝ ዳር ተጀመረ።

በአገራችን መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር እንደ ነበረ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሥርዓቱም ጥቅም ነበረው። ቀድሞ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ወሰን የሚነገረው በዛፍ፣ በድንጋይና በወንዝ ነበርና ዛፉ ሲወድቅ ወይም ወንዙ መንገዱን ሲለውጥ ክርክር ይነሣ ነበር። ከ1785 በኋላ ግን መሬቱ በቁጥር ስለሚታወቅ፣ ገዢው ቦታውን በዓይኑ ሳያይ እንኳ በሩቅ ከተማ ተቀምጦ ሊገዛው ቻለ።

የዋጋው መቀነስ

በመጀመሪያው ደንብ ከ640 ኤክር ያነሰ ክፍል አይሸጥም፤ ዋጋውም በኤክር ከ1 ዶላር አያንስም ነበር። ስለዚህ 640 ዶላር የሌለው ገበሬ ከሽያጩ ውጭ ሆነ፤ ብዙ መሬትም አትርፈው ሊሸጡት በሚገዙ ባለ ገንዘቦች እጅ ገባ። ድሆቹ ግን ሳይገዙ እየገቡ ያርሱ ስለ ነበር መንግሥቱ ሕጉን ደረጃ በደረጃ ለማላላት ተገደደ። በ1820 ትንሹ ሽያጭ 80 ኤክር፣ ዋጋውም በኤክር 1 ዶላር ከ25 ሣንቲም ሆነ፤ ይኸውም 100 ዶላር ነው። በ1841 ደግሞ አስቀድሞ ገብቶ ያረሰ ሰው እስከ 160 ኤክር ድረስ በዚሁ ዋጋ በቅድሚያ እንዲገዛ ተፈቀደለት።

መሬት ያለ ዋጋ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ተከለከለ። የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ምዕራቡ በትናንሽ ገበሬዎች ከተያዘ ባሪያ የማይገዙ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይበዙ ይፈሩ ነበር። በ1860 ኮንግሬሱ ሕጉን ቢያጸድቀው ፕሬዚዳንት ቡካነን ሳይፈርሙ መለሱት። የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ተቃዋሚዎቹ ከምክር ቤቱ ስለ ወጡ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሜይ 20 ቀን 1862 «ሆምስቴድ» በሚባለው ሕግ ላይ ፈረሙ።

በዚህ ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወይም የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው፣ የመመዝገቢያ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ከፍሎ 160 ኤክር ይወስዳል። ይህ ወደ 65 ሔክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ በቀድሞው የአገራችን ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ቤት ሠርቶ 5 ዓመት ካረሰ የባለቤትነት ሰነድ ይቀበላል። ያላገቡ ሴቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ዜግነት ለመውሰድ ያመለከቱ መጻተኞች፣ በኋላም ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች መሬት አገኙበት፤ በ1877 በካንሳስ ጥቁሮች ያቆሙት ኒኮዲመስ የተባለው ሰፈር አንዱ ምስክር ነው። ሕጉ በ1976፣ በአላስካም በ1986 እስኪያበቃ ድረስ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 270 ሚሊዮን ኤክር ያህል ወሰዱበት።

የምድር ባቡርና የዝናብ ነገር

በዚያው በ1862 የወጣ ሌላ ሕግ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚሄደውን ሐዲድ ለሚዘረጉ ኩባንያዎች በየማይሉ 10 ክፍል መሬት ሰጠ፤ በ1864 ስጦታው ወደ 20 ክፍል ከፍ አለ። ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሐዲዶች ሜይ 10 ቀን 1869 በዩታ ተገናኙ። ኩባንያዎቹም መሬታቸውን ለመሸጥ እስከ አውሮፓ ድረስ ወኪል እየላኩ ሰፋሪ ይፈልጉ ነበር። እንግዲህ በነጻ መሬት የሚፈልገው ገበሬ ብዙ ጊዜ ከሐዲዱና ከገበያው ርቆ እንዲሰፍር ግድ ሆነበት።

ከዚህ ሌላ ልኬቱ ራሱ ጉድለት ነበረው። ሰንሰለት ርቀትን እንጂ ዝናብን አይለካም። 100ኛው ሜሪዲያን ከሚያልፍበት አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የዓመቱ ዝናብ በአብዛኛው ከ500 ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። በኦሃዮ ቤተ ሰብ አጥግቦ የሚተርፈው 160 ኤክር በዚያ ደረቅ ምድር ለእርሻ ብቻ አይበቃም። ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለው መርማሪ በ1878 ባቀረበው ጽሑፍ፣ በመስኖ የሚለማ መሬት 80 ኤክር፣ የግጦሽ መሬት ግን 2,560 ኤክር እንዲሆን መከረ። ምክሩ አልተሰማም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ድርቅ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰፋሪዎች ጎጆአቸውን ጥለው ተመለሱ።

መሬቱ የማን ነበር?

እስካሁን የተናገርነው መሬቱ ጠፍ እንደ ነበረ ያስመስላል። ነገር ግን እንደ ደንቡ መንግሥቱ ሰንሰለት ከመዘርጋቱ በፊት ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ውል ማድረግ ነበረበት። ውል መፈለጉ ራሱ መሬቱ ባለቤት እንደ ነበረው ያስረዳል።

የቼሮኪ ሕዝብ ነገር ይህን ያሳያል። ሴኮያ የተባለው ሰው እንደ እኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ሙሉ ድምፅ የሚሰጥበት ጽሕፈት ፈጥሮላቸው፣ በ1827 ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ በ1828 ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጅያ ግዛት ሕግ በምድራቸው ላይ ሊሠራ አይችልም ብሎ ፈረደ። ቢሆንም በ1830 በወጣው የማስወገጃ ሕግ ሳቢያ፣ በ1838ና በ1839 ወደ 16,000 የሚጠጉ ቼሮኪዎች በወታደር ተገደው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። በዚህ ስደት ወደ 4,000 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ይገመታል።

የላኮታ ሕዝብም በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል ጥቁር ኮረብቶች የተባለው ምድር ተረጋግጦለት ነበር። በ1874 ወርቅ ተገኘ፤ በ1877 ምድሩ ተወሰደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ካሣ ይገባቸዋል ብሎ ቢፈርድም፣ ላኮታዎች የምንፈልገው መሬታችንን ነው በማለት ገንዘቡን አልተቀበሉም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ1887ቱ የዶውስ ሕግ ነው። ይህ ሕግ በነገድ የጋራ የነበረውን መሬት ከፋፍሎ ለአንድ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ 160 ኤክር ሰጠ፤ «ትርፍ» የተባለውንም ለሰፋሪዎች ከፈተ። ለመጻተኛው ስጦታ የነበረው ያው ልኬት ለነባሩ መቀነሻ ሆነ። በ1887 በነባሮቹ እጅ የነበረው 138 ሚሊዮን ኤክር ያህል መሬት በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ኤክር ወርዶ ተገኘ።

መደምደሚያ

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኤፕሪል 22 ቀን 1889 ቀትር ላይ፣ ቀድሞ የክሪክና የሴሚኖል ሕዝቦች በነበረው በኦክላሆማ ምድር 50,000 ያህል ሰዎች መሬት ለመያዝ በሩጫ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ምድር በስቲልዋተር የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመ። ይህ ኮሌጅ በ1952 በተደረገ ውል ወደ አገራችን መምህራን ልኮ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ረዳ። ስለዚህ የአገራችን ተማሪዎችም ከዚያ ምድር ፍሬ ተካፍለዋል።

ይህን ስንል በድርቅና በብርድ ጥሮ ግሮ ያረሰውን ገበሬ ድካም ለማቃለል አይደለም፤ ድካሙ እውነት ነው። ነባሩ ያጣውም እንደዚሁ እውነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉ ናቸው። በየትኛውም አገር የሰፈራን ታሪክ የምንመረምር ተማሪዎች ስንት ሰው መሬት አገኘ ብለን ስንቆጥር፣ ሰንሰለቱ ከመዘርጋቱ በፊት በዚያ ምድር ላይ ማን ይኖር ነበር የሚለውን አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።