ከራውተር ጋር የተያያዘ ሃርድ ዲስክና የብልሽቱ አመራመር

ሃርድ ዲስክ ማለት ጽሑፍን፣ ሥዕልን፣ ድምፅንና ተንቀሳቃሽ ምስልን በማግኔት ኃይል መዝግቦ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። በውስጡ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ክብ ሰሌዳዎችና ሰሌዳዎቹን ሳይነካ በላያቸው የሚያንዣብብ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አይ ቢ ኤም በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲቀርብ 50 ሰሌዳዎች የነበሩት ግዙፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለው ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ አንድ ዲስክ ከዚያ በመቶ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ የሚበልጥ መረጃ ይይዛል።

ራውተር ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በገመድ ወይም በዋይፋይ፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ፣ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ውስጥ የመገናኛ ገመዶች እ.ኤ.አ. በ2009 ሞምባሳ ከደረሱ በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ እየተስፋፋ ሄዷል፤ ራውተርም የብዙ መኖሪያ ቤቶች ዕቃ ሆኗል። ከራውተሮቹም አንዳንዶቹ ዩ ኤስ ቢ የሚባል መሰኪያ ቀዳዳ አላቸው። በዚህ ቀዳዳ ሃርድ ዲስክ ቢሰካ፣ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በየክፍላቸው ሆነው የዲስኩን ይዘት ሊያዩና ሊጨምሩበት ይችላሉ።

የዚህን አሠራር ጥቅምም ሆነ አደጋ ለመረዳት፣ በናይሮቢ ኢስትሊ ሠፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎችን፣ የልጆችን የትምህርት ማስረጃና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂዎችን፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆችን ድምፅ ሳይቀር በአንድ ዲስክ ላይ ሊያከማች ይችላል። ታዲያ አንድ ቀን ይህ ዲስክ ከስልኩም ከኮምፒዩተሩም ላይ ድንገት ቢሰወር የሚፈጠረው ጭንቀት ቀላል አይደለም። ሆኖም የዲስኩ አለመታየት ብቻውን የመረጃውን መጥፋት አያመለክትም። እንዲያውም መረጃው ከብልሽቱ ይልቅ ብልሽቱን ለማቃናት በጥድፊያ በሚወሰድ እርምጃ ሊጠፋ ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ የዚህ ሥራ ዋና መመሪያ በቅደም ተከተል መመርመር ነው።

ቅደም ተከተሉ በቧንቧ ውሃ ሊመሰል ይችላል። ከቧንቧው ውሃ አልወርድ ቢል፣ ጥፋቱ ከምንጩ፣ ከመስመሩ ወይም ከራሱ ከቧንቧው ሊሆን ይችላል። ብልህ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፈታም፤ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይፈትሻል እንጂ። በዲስክና በራውተር ግንኙነትም ኤሌክትሪኩ፣ ገመዱ፣ ዲስኩ፣ ራውተሩና ተጠቃሚው ኮምፒዩተር በየተራ መታየት አለባቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ የኢንተርኔት መቋረጥንና የዲስክን ብልሽት መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ገመዶች ላይ ጉዳት በመድረሱ በኬንያና በጎረቤት አገሮች ኢንተርኔት እጅግ ተዳክሞ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ከራውተሩ ጋር የተያያዘው ዲስክ መሥራቱን አያቋርጥም፤ ምክንያቱም ከዲስኩ ወደ ስልኩ የሚሄደው መረጃ ከቤት አይወጣም። እንግዲህ ኢንተርኔት እየሠራ ዲስኩ ብቻ ከጠፋ፣ ምርመራው በቤት ውስጥ ባሉት ዕቃዎች ላይ ማተኮር አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ትንሹ፣ ማለትም ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከዩ ኤስ ቢው ቀዳዳ ነው። የቀድሞው ዩ ኤስ ቢ 2.0 በደንቡ መሠረት እስከ 500 ሚሊ አምፒር፣ ዩ ኤስ ቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፒር ይሰጣል። ዲስኩ ሰሌዳዎቹን ማሽከርከር ሲጀምር ግን ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ መብራቱ እየበራ ዲስኩ ካልተሽከረከረ፣ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ከወደቀ፣ የኃይል ማነስ ሊጠረጠር ይገባል። መፍትሔውም አጭርና ደህና ገመድ መለወጥ፣ ወይም የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው የዩ ኤስ ቢ ማከፋፈያ በመካከል ማስገባት ነው። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው፣ አዳፕተሩ በሚገባ መሰካቱን ማየት ያሻል።

ሦስተኛውና ወሳኙ ፈተና ራውተሩን አጥፍቶ ዲስኩን ከነቀሉ በኋላ በቀጥታ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ነው። ዲስኩ በኮምፒዩተሩ ላይ ከታየና ፋይሎቹ ከተከፈቱ፣ ችግሩ ያለው በራውተሩ በኩል ነው ማለት ነው። በኮምፒዩተሩም ላይ ካልታየ ጥርጣሬው በገመዱና በራሱ በዲስኩ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ በዲስኩ ላይ ያለውን አደረጃጀት ማንበብ ካልቻለ፣ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ፎርማት ማድረግ ማለት የፋይሎቹን ማውጫ ደምስሶ ዲስኩን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። በውስጡ ተፈላጊ መረጃ ካለ ለዚህ ጥያቄ እሺ ማለት አይገባም።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ራውተሩ ሊያነበው የማይችልበት አንዱ ምክንያት የፎርማት ልዩነት ነው። ፎርማት ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ፋት 32፣ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ፣ ኤክስ ፋትና ኤክስት 4 የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። ፋት 32 በብዙ መሣሪያዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ 4 ጊጋ ባይት የሚደርስ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ከራውተሮች መካከል ኤክስ ፋትን ወይም ኤክስት 4ን የማያውቁ አሉ። በመሆኑም ዲስክ ከመግዛት አስቀድሞ የራውተሩን መመሪያ ማንበብ ይበጃል። ፎርማቱ የግድ መለወጥ ካለበትም፣ በቅድሚያ መረጃው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለበት።

ድንገተኛ የመብራት መቋረጥም ሌላው የጉዳት ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 7 ቀን 2016 በጊታሩ የውሃ ኃይል ማመንጫ አንድ ጦጣ ትራንስፎርመር ላይ በመውደቁ፣ መላዋ ኬንያ ከሦስት ሰዓት በላይ ያለ ኤሌክትሪክ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 25 ቀን 2023 ደግሞ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ለብዙ ሰዓታት በጨለማ ተውጦ ነበር። ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት፣ ፋይሉ በግማሽ ይቀራል፤ ማውጫውም ሊዛባ ይችላል። መብራት ሲመለስ አንዳንድ ራውተር እንዲህ የተዛባ ዲስክ ሲያጋጥመው አልቀበልም ይላል። በዚህ ጊዜ ዲስኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በቅድሚያ የሚነበበውን መገልበጥ፣ ከዚያም የዲስክ መመርመሪያና ማረሚያ ፕሮግራም ማስኬድ ይገባል። ወደፊት ጉዳቱ እንዳይደገም፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ ለራውተሩና ለዲስኩ ማዘጋጀት ይጠቅማል። ዲስኩን ለመንቀል ሲፈለግም በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ዲስኩን በደህና ለማውጣት የተዘጋጀውን ትእዛዝ መጠቀም ያሻል።

ኃይሉም፣ ዲስኩም፣ ፎርማቱም ደህና ሆነው ኮምፒዩተሩ ብቻ ዲስኩን አላይም ሊል ይችላል። ለዚህ ምክንያቱ የቋንቋ አለመግባባት ነው። ኮምፒዩተርና ራውተር ፋይል የሚለዋወጡት ኤስ ኤም ቢ በተባለ የመግባቢያ ደንብ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ራውተሮች የሚያውቁት የደንቡን የመጀመሪያ ዓይነት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዚሁ በአሮጌው ደንብ ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይሎች ቆለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አሮጌውን ደንብ በአዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ዘግቶ መምጣት ጀመረ። ስለሆነም ትክክለኛው መፍትሔ የተዘጋውን አሮጌ በር መክፈት ሳይሆን፣ የራውተሩን ሶፍትዌር ማደስ፣ ያ የማይቻል ከሆነም ራውተሩን መለወጥ ነው። ከዚህም ሌላ ስልኩ የተገናኘው ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ እንዳይሆን ማረጋገጥ ይገባል፤ ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ ወደ ዲስኩ አያሳልፍምና።

በምርመራው ሂደት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን በማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል። ገመዱንም፣ ፎርማቱንም፣ የይለፍ ቃሉንም በአንድ ላይ የለወጠ ሰው፣ ዲስኩ ቢሠራለት እንኳ ጥፋቱ የቱ እንደነበረ አያውቅም። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ቢያሰማ ግን የአካል ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ወዲያውኑ አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል፤ ማብራትና ማጥፋት መደጋገሙ ጉዳቱን ያብሳልና።

በመጨረሻም፣ ማንኛውም ዲስክ አንድ ቀን ማርጀቱና መሰበሩ አይቀርም። በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የተቀመጠ መረጃ በአንድ ክር እንደተንጠለጠለ ዕቃ ነው። የኢስትሊው ቤተሰብ የፎቶግራፎቹንና የማስረጃዎቹን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አድርጎ በሌላ ቤት፣ ለምሳሌም አዲስ አበባ በሚገኝ ዘመድ ዘንድ፣ ቢያስቀምጥ፣ ከራውተሩ ጋር የተያያዘው ዲስክ ቢሰበር እንኳ የሚከስረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይሆናል። የወላጆቹ ድምፅ ግን አይጠፋም።

የመረዳት ጥያቄዎች

1. የኢንተርኔት መቋረጥና የዲስክ ብልሽት የሚለያዩት እንዴት ነው?
2. ዲስኩን በቀጥታ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ወሳኝ ፈተና የተባለው ለምንድን ነው?
3. «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር ያለውን ዝምድና አብራሩ።
4. በቤታችሁ የሚገኝ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ጥፋቱ በምን ቅደም ተከተል ሊፈለግ እንደሚገባ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።