ቋንቋ በጆሮው የተማረው ግንበኛ

በትልቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ታሂቲ የምትባል ደሴት አለች። በ1797 ዓመተ ምሕረት ከእንግሊዝ አገር የተነሣ መርከብ ሚስዮናውያን አድርሶባት ነበር። (ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ቀሳውስቱ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት የእጅ ሙያተኞች ነበሩ። አንዱ ሄንሪ ኖት የሚባል ወጣት ግንበኛ ነው።

የታሂቲ ሰዎች ያን ጊዜ ፊደል አልነበራቸውም። ታዲያ ኖት በምን ይማር? በጆሮው ነዋ! እየሰማ፣ እየጠየቀ፣ መልሶ እየተናገረ።

ሌላም ችግር ነበር። በንጉሥ ስም ውስጥ ያለ ቃል ለሌላ ነገር አይነገርም። የንጉሡ ስም ፖማሬ ነው። «ፖ» ሌሊት፣ «ማሬ» ሳል ማለት ነበር። ስለዚህ ሌሊት «ሩኢ»፣ ሳል ደግሞ «ሆታ» ተባለ። እስቲ አስቡት፤ ለሳል እንኳ ቃል ተመርጦ!

በ1798 አደጋ ሲያሰጋ አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ደሴቷን ለቀው ሄዱ። ኖት ግን ቀረ።

በኋላ ዳግማዊ ፖማሬ ነገሠ። ይህ ንጉሥ እንደኛው ጎልማሳ ሆኖ ነው ማንበብና መጻፍ የተማረው። ሲጽፍም ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ከሥሩ ትራስ አድርጎ ነበር። የላቲን ፊደል ተወስዶ ለቋንቋው 13 ፊደል በቃ። እኛ ስንቱን ቆጠርን!

ኖት የሉቃስን ወንጌል ሲተረጉም ንጉሡ አገዘው። መጽሐፉ በ1818 በጎረቤቷ በሞኦሬያ ደሴት ታተመ። ሰዉ ገንዘብ ስላልነበረው በኮኮናት ዘይት ገዛው። ግንበኛው መጽሐፍ ቅዱሱን በሙሉ ተርጉሞ የጨረሰው በ1835 ነው፤ ታሂቲ በገባ በ38 ዓመቱ።