ፀሐዩ ቢሞቅም ውኃው ቀዝቃዛ ነው

ልጆች፣ የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እዚህ ሲያትል ደግሞ ሌክ ዋሽንግተን ላይ በካያክ ይቀዘፋል። ግን ልብ በሉ! በግንቦት ፀሐዩ ቢሞቅም ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ትንፋሹ በ1 ደቂቃ ገደማ ይረጋጋል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ግን እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ጎበዝ ዋናተኛም መዋኘት ያቅተዋል።

ስለዚህ ላይፍ ጃኬታችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱ፤ ማሰሪያውንም አጥብቁ። ካያኩ ቢገለበጥ አትልቀቁት፤ ይዞ የሚንሳፈፍ ሰው ከሩቅ ይታያል።

ወላጆች፣ በዋሽንግተን ስቴት ሕግ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በትንንሽ ጀልባ ሲሄዱ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታቸው ነው። እናንተም ልበሱ፤ ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ያደርጋል።