ያውቁ ኖሯል? የመካነ ሰላም የሕዝብ ቁጥር በስሌት የተገኘ ነው

በመካነ ሰላምም ሆነ በመቅደላ «የዘንድሮው ሕዝብ ይህን ያህል ነው» ተብሎ የሚነገርዎት አኃዝ ተቆጥሮ ሳይሆን ተሰልቶ የተገኘ ነው።

ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጨረሻው ቆጠራ መካነ ሰላምና መቅደላ የሚገኙበት ደቡብ ወሎ ከ2 ሚሊዮን 5 መቶ ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚወጡት ቁጥሮች ትንበያዎች ናቸው።

• ባለሙያዎች ሕዝቡን በፆታና በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ምድብ ይከፍሉታል። ከዚያም የሚወለዱትን ይደምራሉ፤ የሚሞቱትን ይቀንሳሉ። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ አገር የሚሄደውና ከሌላ ቦታ የሚመጣውም በሒሳቡ ይገባል።

• ትልቁ ፈተና ዕድሜ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ብዙዎች «40»፣ «45»፣ «50» እያሉ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ይናገራሉ። ባለሙያዎች ይህን መዛባት ለክተው ያርሙታል። ቆጣሪውም «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?» ብሎ በመጠየቅ፣ ተጠያቂው ዕድሜውን በታወቀ ዘመን እንዲያስታውስ ሊረዳው ይችላል።

• የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ቆጣሪ ደጅዎ ሲደርስ የቤተሰብዎን ዕድሜ አጣርተው ይንገሩ፤ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ዕቅድ የሚነሳው ከዚያ ነው።