«መድኃኒት ተገኘ» የሚለው ወሬ አምቦ ሲደርስ

ባለፈው ሰሞን ጉደርና ጌዶ ያሉ ዘመዶቼ በሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልዕክት ሲዞር ሰነበተ። «ለልጆች የጭንቅላት ዕጢ መድኃኒት ተገኘ፣ ሼር አድርጉ» ይላል። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዶርዳቪፕሮን ለሚባል እንክብል የተፋጠነ ፈቃድ ሰጥቷል። ግን ለሁሉም ዕጢ አይደለም። በአንጎል መሀል መስመር ላይ ለሚበቅል፣ አንድ የታወቀ የዘረመል ለውጥ ላለበትና ከሌላ ሕክምና በኋላ ለባሰ ዕጢ ብቻ ነው። ለፈቃዱ መነሻ የሆነው የ50 ታካሚዎች መረጃ ነው፤ ልጆችም አዋቂዎችም አሉበት። ዕጢው በግልጽ የቀነሰላቸው 22 በመቶ ናቸው፤ በሰው ሲቆጠር 11። ሌሎቹ 39 ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። «የተፋጠነ» ሲባልም ጥቅሙ በሌላ ትልቅ ሙከራ ገና መረጋገጥ አለበት ማለት ነው።

11 ሰው ትንሽ መስሎ ከታያችሁ የዚህን ዕጢ ጠባይ ስሙ። ክፉው ዓይነት የሚበቅለው ትንፋሽንና መዋጥን በሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ላይ ነው። ከጤነኛው አካል ጋር ተጠላልፎ ስለሚያድግ በቀዶ ጥገና ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። ጨረር ለጥቂት ወራት ያስታግሰዋል እንጂ አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ዓመት ገደማ ያልፋሉ። የኒል አርምስትሮንግ ልጅ ካረን በዚሁ በሽታ በ1962 እ.ኤ.አ. 3 ዓመት ሳይሞላት ሞተች። አባትየው ከ7 ዓመት በኋላ ጨረቃን ረገጠ። ጨረቃ ቀሎ ይህ ዕጢ ከ60 ዓመት በላይ ሐኪሞችን ሲያስቸግር ኖረ።

ታማሚዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሙከራ ሠርቶ መልስ አያገኝም። አገሮች ተባብረው ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ መጠኑና ጉዳቱ ይታያል፤ ቀጥሎ ይሠራል ወይ ይባላል፤ በመጨረሻ ከነባሩ ሕክምና ጋር በዕጣ ተመድቦ ይነጻጸራል። ስለዚህ ሙከራ ማለት ፈውስ ማለት አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

ለመግባት ደግሞ ኤምአርአይ ይጠየቃል፣ የዘረመል ምርመራ ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜ ጨረር የወሰደ መሆን አለበት። የባኮ ገበሬ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ቢገባ እንኳ ጨረር ተራ አለው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ጅማና ሌሎችም የተጨመሩት በቅርቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም አገሮች ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን 30 በመቶ አይሞሉም። ልዩነቱን ያመጣው አዲሱ እንክብል አይደለም። ሳይታወቅ መቆየቱ፣ ተራው፣ የመንገዱ ገንዘብ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የልጆች የጭንቅላት ዕጢ ሁሉ ያ ክፉው አይደለም። ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባለው፣ በተለይ ከማጅራት በላይ ባለው የኋላ አንጎል ላይ ሲበቅል፣ በቀዶ ጥገና ሙሉ ለሙሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕክምና ሳያስፈልግ ይድናል። «ዕጢ ነው አሉ» ተብሎ ቤት የተመለሰ ልጅ ከነዚህ አንዱ ቢሆንስ?

አምቦ ያገኘኋት አንዲት እናት ልጇ ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሰው ሦስት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ወስዷል። ተቅማጥ ኖሮት አያውቅም። በኋላ አንድ ዓይኑ ሸፈፍ አለ፤ ይኼኔ ነው «ጭንቅላቱ ይታይ» የተባለው።

ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ማስመለስ፣ አዲስ የመጣ የዓይን መሸፈፍ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ አንገትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ የሕፃን ጭንቅላት ቶሎ ቶሎ ማደግ፦ እነዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ወይም ከባሱ ወደ ሆስፒታል ነው። ስልክ አላችሁ አይደል? ልጁ ሲራመድ 20 ሰከንድ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ። እዚያ ሲደርስ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላላ! ጠበል መሄድም ከሆስፒታል አያስቀርም፤ ሁለቱም ይቻላል።

ሙከራ የምትፈልጉ ደግሞ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ የበሽታውን ስም አስገቡ፣ አገር ምረጡ፣ ተሳታፊ እየመዘገበ መሆኑን እዩ። እዚህ አገር የሚደረግ ሙከራ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚሞከረው መድኃኒት በአብዛኛው በነጻ ነው፤ በግለሰብ ሒሳብ «ለምዝገባ» ብር አስገቡ የሚል ካለ ተዉት። ወላጅ ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን ቢቀይር መውጣት ይችላል። ፎርሙ እናትየው በሚገባት ቋንቋ፣ ለምዕራብ ሸዋ ሰው በአፋን ኦሮሞ፣ ካልተነበበላት ግን ምኑ ላይ ነው የምትፈርመው?