የጽጌ ረዳ መልክ ያለው አልማዝ

አልማዝ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ድንጋይ ነው። ሴቶች ልጆቻችንንም በዚህ ስም የምንጠራው ጥራቱንና ብርቅነቱን ተመኝተን ነው። ነገር ግን ከጠራው ይልቅ በቀላሉ የማይገኝ፣ የጽጌ ረዳ መልክ ያለው አልማዝ አለ። ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ለመግለጽ አስበናል።

ቢጫው አልማዝ መልኩን የሚያገኘው ከናይትሮጅን፣ ሰማያዊውም ከቦሮን ነው። የሮዙ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አብዛኛው ሮዝ አልማዝ መልኩን ያገኘው ገና በምድር ጥልቅ ሳለ ብርቱ ግፊት ደርሶበት የውስጥ አሠራሩ ስለ ተጣመመ ነው። ግፊቱ ሲበዛበት ደግሞ ቡናማ ይሆናል፤ የቡናማውም ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ የክብሩ ምክንያት ጉዳቱ ነው፤ ያውም በልክ የሆነ ጉዳት።

በዓለም ላይ ከታወቀው ሮዝ አልማዝ ከመቶ 90 የሚበልጠው የወጣው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በኪምበርሊ አውራጃ ከሚገኘው ከአርጋይል ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ተገኝቶ በ2020 ዓ.ም. ተዘግቷል። በዘመኑ ከ800 ሚሊዮን ካራት በላይ አልማዝ ሲሰጥ፣ ሮዙ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

ብርቅነቱ ዋጋውን ምን ያህል እንዳናረው ለመረዳት፣ ከአፍሪካ ምድር በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ «ሮዝ ኮከብ» የተባለውን መመልከት ይበቃል። ተቀርጾ ካለቀ በኋላ 59.60 ካራት፣ ማለት 12 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ድንጋይ፣ በ2017 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ላይ በሐራጅ ከ71 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

አርጋይል ግን ከጥንት ጀምሮ የጊጃ ሕዝብ ርስት ነው። አልማዙም፣ ሴቶች በመረብ ሊይዙት ሲሞክሩ ካመለጠ ባራሙንዲ ከሚባል ዓሣ የረገፈ ቅርፊት ነው ብለው ከአባቶቻቸው የወረሱትን ይተርካሉ። ዓሣው አመለጠ፤ ቅርፊቱን ግን ሌሎች ለቅመው ወሰዱት። ድንጋዩ በባለጠጎች ሣጥን ሲቀመጥ፣ ጉድጓዱ ከባለ ርስቶቹ ጋር ቀርቷል።

የድንጋዩ ጉዳት ጌጥ ሆነ፤ የምድሪቱን ጉዳት ግን በሐራጅ የሚገዛው የለም። ስለዚህ የብርቅ ዕንቍ ዋጋ በተነገረ ቍጥር፣ የወጣበት ምድር የከፈለውም አብሮ ይቈጠር እንላለን።